ሦስተኛ ፎቅ፣ የምዕራቡ ጥግ

ሐጂ ቦታውን ሊያሳዩን የወሰዱን ዕለት መጀመሪያ ያየሁት ሊፈርስ የተወሰነበትን ቤት ነበር። ቃሊቲ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የከባድ መኪና አቧራ ሲወርድበት የኖረ ፎቅ የሌለው የድንጋይ ቢሮ። ዙሪያውን በረንዳ አለው። ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል። ከጣሪያው ሥር በወንፊት ሽቦ የተሸፈኑ ትንንሽ የእንጨት መስኮቶች ተደርድረዋል። ውጭ ላብ ሲያሰምጠኝ ቆይቶ፣ በሩን አልፌ ስገባ ፊቴ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የተረጨብኝ ያህል ሆነ።

ሐጂ የምላቸው የቦታው ባለቤት ናቸው፤ ሠራተኛውም ደንበኛውም እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው፣ መርካቶ ውስጥ ብሎን በሣጥን ዘርግተው ሲሸጡ ቆይተው፣ በኋላ ቃሊቲ ላይ ትልቅ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን የከፈቱ ሰው ናቸው። በሚሊኒየሙ ዋዜማ በግቢያቸው ውስጥ ባለ አምስት ፎቅ ቢሮ ለመሥራት አሰቡ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጥቂት ዓመት የሆነኝ አርክቴክት ነበርኩ። አለቃዬ ሥራውን ሲሰጠኝ «የሰፈርሽ ነው» ብሎ ቀለደ፤ አቃቂ እንዳደግሁ ያውቅ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሠራው። ከሥራ ሲመጣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ደጃፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። እናቴ «ተዉት፣ ይብረድለት» ትለን ነበር። ሙቀት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገኝም። ስለዚህ በኋላ ያደረግሁትን ባለማወቅ ነው ማለት አልችልም።

የድሮውን ቢሮ ያስጎበኙኝ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ግራጫ ኮት የማይለያቸው ሰው። የሐጂ ድርጅት ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው ነበሩ፤ የየመኪናውን፣ የየደንበኛውን ፋይል ሳያዩ ከመደርደሪያው ያወጡታል። ሜትሬን ይዤ ግድግዳ ስለካ አዩኝና ከወንበራቸው ተነሡ።

«ለሚፈርስ ቤት ምን ያደርግልሻል መለካቱ፣ ልጄ?»

«ለምን እንደሚቀዘቅዝ ማወቅ ፈልጌ ነው፣ ጋሼ።»

ደስ አላቸው። ከበሩ ኋላ ረጅም ዱላ አነሡና ከጣሪያው ሥር ያሉትን መስኮቶች አንድ በአንድ እየነኩ አሳዩኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲገቡ የምሥራቁንም የምዕራቡንም ይከፍታሉ። የአቃቂ ነፋስ በበጋ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው፤ በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል። ሰባት ሰዓት ሲያልፍ ፀሐይዋ መዞር ስትጀምር፣ በምዕራብ በኩል ያሉትን በዱላው ጫፍ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረጉ ይዘጋሉ።

«ጠዋት ብርዱን አስገባዋለሁ፤ ድንጋዩ ይጠጣዋል» አሉኝ። «ከሰዓት የጠጣውን ይመልስልናል።»

«ማን አስተማረዎት?»

«ማንም። ተቀምጬበት ነው።»

ያን ዕለት ቴርሞሜትሬን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ እስከ አሥር ሰዓት ቆየሁ። ቤቴ ስመለስ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ቤት ወደ ላይ አምስት ጊዜ ማሳደግ ነው ያለብኝ ብዬ አሰብኩ። ለሁለት ሳምንት ያህል ከጠረጴዛዬ አልተነሣሁም። ሕንጻውን ቀጭን አደረግሁት፤ ረጅሙ ጎኑ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንዲዞር፣ ጠባቡ ጎኑ ብቻ ምዕራብን እንዲያይ። በምዕራብ በኩል ደረጃውን፣ መጸዳጃውንና የዕቃ ክፍሉን አስቀመጥኩ። ለሰዎቹ ጥልቅ መስኮት፣ ከመስኮቱ በላይ የጥላ ክዳን፣ ከክዳኑ በላይ ደግሞ የሞቀው አየር የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ። ደረጃው ከታች እስከ ጣሪያ ክፍት ሆኖ እንደ ጭስ ማውጫ ሙቀቱን ይስባል። መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ሕንጻው በራሱ እንዲኖር ነበር ሐሳቤ።

ሐጂ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። በጨዋነት ነበር ያዩት፤ አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ቆንጆ ነው። ግን ትምህርት ቤት ነው የሚመስለው።»

ከዚያ በስልካቸው ያነሡትን የቦሌ ሕንጻ አሳዩኝ። ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት። «እኔ መርካቶ አቧራ ውስጥ ነው ያደግሁት» አሉኝ። «በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሲያየኝ፣ ደርሷል እንዲል ነው የምፈልገው። ሙቀቱን በኤርኮንዲሽነር እንገላገለዋለን።»

አልተከራከርኩም ማለት አይቻልም። ተከራክሬአለሁ፤ አንድ ጊዜ፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል። አለቃዬ መኪና ውስጥ ስንገባ «የሚፈልገውን ሣይለትና እናብቃ» አለኝ። በሦስት ቀን ሣልኩት። ረጅሙ ጎን ወደ መንገዱ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ዞረ። ከወለል እስከ ኮርኒስ መስታወት ሆነ። ከመስታወቱ ግማሽ ያህሉን የሚከፈት አድርጌው ነበር። ግንባታው ሲጀመር ተቋራጩ ማጠፊያና እጀታ ቶሎ አይገኝም አለ፤ የተሻሻለ ፕላን አምጥተው አስፈረሙኝ። በዚያ ፕላን ላይ ሦስተኛው ፎቅ በምዕራብ በኩል አንድም የሚከፈት ነገር አልነበረውም። ፈርሜአለሁ። የፈረምኩበት እስክሪብቶ ቀለሙ እያለቀ ስለነበር ስሜን ሁለት ጊዜ እንደደገምኩት አስታውሳለሁ።

ጋሼ ፕላኑን ያዩት በግንባታው ቦታ፣ በቆርቆሮ ከተሠራው ጊዜያዊ ቢሮ ግድግዳ ላይ ነው። እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው ሲያጠኑት አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ የት ነው የሚከፈተው?»

«ማሽን ይገባለታል፣ ጋሼ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

ሳቅሁ። አሁን ድረስ የሚያሳፍረኝ ያ ሳቅ ነው። «ጄኔሬተር ይኖራላ!»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ንግግራቸው ውስጥ ምንም ምጸት አልነበረም። እኔ እንደማውቅ ከልባቸው አምነው ነበር።

ሕንጻው አለቀ። የምረቃው ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ለብሶ መጣ፤ ጋሼ ከግራጫው ኮታቸው ሥር ከረባት አድርገው ነበር። መስታወቱ ፊት ቆመን ፎቶ ተነሣን። ኤርኮንዲሽነሩ የገባው ግን አምስተኛ ፎቅ፣ የሐጂ ቢሮ ብቻ ነበር፤ የሌሎቹ ፎቆች «በኋላ ይገባል» ተባለ። የማሽኖቹ ቀዳዳዎች በሲሚንቶ ተደፈኑ። ብዙም ሳይቆይ መብራት በፈረቃ ሆነ። እኔ ያን ጊዜ ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ በቃሊቲ በኩል የሚያሳልፈኝ ጉዳይም አልነበረም። ወይም እንዳይኖረኝ አድርጌ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤት ደረሰኝ። ዕጣው ሲወጣ እናቴ እልል አለች። እኔ ግን ቁልፉን ስቀበል መጀመሪያ ያሰብኩት መንገዱን ነው፤ ከእንግዲህ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በዚያ ሕንጻ ፊት አልፋለሁ።

ጠዋት ጠዋት ችግር አልነበረውም፤ መስታወቱ ጥላ ውስጥ ነው፣ ሰማያዊና ጸጥ ያለ። ማታ ስመለስ ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመታው ዓይን ያጭበረብራል። መጀመሪያ ያየሁት ሦስተኛ ፎቅ ጥግ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ነው። በወሩ ጋዜጣው ወደ ጎን ተስፋፋ። ከዚያ ካርቶን መጣ፣ ከዚያ የአልጋ ልብስ፣ ከዚያ የማዳበሪያ ጆንያ። ሕንጻው ከውስጥ በኩል እየቆሰለ በፋሻ የሚታሰር ይመስል ነበር። ሚኒባሱ እዚያ ጋ ሲደርስ ፊቴን ወደ ማዶ ማዞር ለመድኩ። አንድ ቀን ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው «ይሄን ያህል ፎቅ ሠርተው ጋዜጣ ያለብሱታል» አለ። አጠገቡ ያለችው ሴት «እኅቴ እዚያ ነው የምትሠራው፤ ምድጃ ውስጥ ነው የምንውለው ትለኛለች» ብላ መለሰችለት። ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።

ስለ ጋሼ የነገረችኝ የድርጅቱ ጸሐፊ ናት። ቃሊቲ የታክሲ ሰልፍ ላይ ትከሻዬን ነካችኝ።

«ኢንጂነር! ሕንጻችንን የሠራሽው አንቺ አይደለሽም?»

አዎ አልኳት። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ታክሲ እጥረት አወራን። ከዚያ «ጋሼን ታስታውሻቸዋለሽ? የመዝገብ ቤቱን?» አለችኝ።

«እንዴት አላስታውሳቸውም። ደኅና ናቸው?»

«ውይ፣ አልሰማሽም እንዴ? አረፉ እኮ።»

ሰልፉ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። እጄን ይዛ ወደ ዳር አወጣችኝና ነገረችኝ። መጋቢት ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ጄኔሬተሩ ለመጋዘኑና ለአምስተኛ ፎቅ ብቻ ነው የሚሠራው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ፋይል ልትጠይቃቸው ስትገባ ራሳቸውን መዝገቡ ላይ ደፍተው አገኘቻቸው። የተኙ መስሏት ነበር። የሸሚዛቸው አንገት ተከፍቷል፤ ሸሚዙ ረጥቧል። ሊፍቱ ስለማይሠራ አራት ሆነው ከነወንበራቸው በደረጃው አወረዷቸው።

«እያወረድናቸው 'ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ፣ እናንተም ትወድቃላችሁ' ይሉ ነበር» አለችኝ። ሆስፒታል ሰንብተው ቤታቸው ገቡ። በሁለተኛው ሳምንት አረፉ።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ደም ግፊት ነው አለ። ድሮም ነበረባቸው።»

«ሙቀቱ ይሆን?»

ዓይኔን አየችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። «እኔ ምን አውቄ» አለችኝ።

ያን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ። ሙቀቱ ነው ብትለኝ አለቅስ ነበር፤ አይደለም ብትለኝ እተኛ ነበር። የትኛው እውነት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። በሚቀጥለው ሳምንት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ ቴርሞሜትሬን በቦርሳዬ ይዤ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ጸሐፊዋ አስገባችኝ። የጋሼ ቦታ ገና ሰው አልተተካበትም፤ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ።

ከሰባት ሰዓት በኋላ ክፍሉ መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ ወለሉ ላይ አንድ ቀጭን የብርሃን መስመር ገባ፤ ከዚያ መስመሩ እየሰፋ ወደ ጠረጴዛው ወጣ። ስምንት ሰዓት ላይ የጠረጴዛው ብረት እጅ አያስነካም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ስድስት አለ፤ ውጭ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሃያ ሰባት ነበር። ዙሪያዬ ያሉት ሰዎች ብዙም አይነጋገሩም። አንዷ እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች። አንዱ ጫማውን አውልቋል። ማንም አላማረረም፤ እንደ ዝናብ፣ ከሰማይ እንደሚመጣ ነገር ተቀብለውታል። እኔ ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

ድምፁን የሰማሁት ግን ቀደም ብሎ፣ የብርሃኑ መስመር ወለሉ ላይ እንደገባ ነበር። ጠቅ። ከላይ፣ ከመስታወቱ ጥግ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየሄደ። ከድሮው ቢሮ ጀምሮ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ አማተበች።

«መጡ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ።

«ማን?» አልኳት።

«ጋሼ ናቸዋ። መስኮት እየዘጉ ነው።»

አስረዳኋት። አልሙኒየም ሲሞቅ ይረዝማል፤ መስታወቱ ደግሞ እንደ እሱ አይረዝምም፤ ፍሬሙ በየብሎኑ ላይ ሲንሸራተት ድምፅ ያሰማል፤ ማታ ሲቀዘቅዝም እንዲሁ ነው። በደንብ ነው ያስረዳኋት። እስከ መጨረሻ ሰማችኝ።

«ይሁን፣ ልጄ» አለችኝ። «ግን ለምን እሳቸው በሚዘጉበት ሰዓት?»

ፀሐይዋ የምትዞረው በዚያው ሰዓት ስለሆነ ነው። መልሱ ቀላል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ቀና ብዬ የመስታወቱን ጥግ አየሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ቤቴ ውስጥ፣ ቢሮዬ ውስጥ፣ የትም ብሆን ሰባት ሰዓት ሲያልፍ ጆሮዬ ይቆማል። ሰው እያናገረኝ ንግግሩን እረሳለሁ። ምክንያቱን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ማወቄ ምንም አልረዳኝም።

ሐጂን ቀጠሮ ጠየቅኋቸው። አምስተኛ ፎቅ በሹራብ ሆነው ተቀበሉኝ፤ ማሽኑ እየነፈሰ ነበር።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ከእኔ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ወርደን አንድ ሰዓት እንቀመጥ።»

«ምን ልናደርግ?»

«ምንም። ዝም ብለን እንቀመጥ።»

ሰዓታቸውን አዩ። እምቢ ይሉኛል ብዬ ነበር። ነገር ግን ዙህር ሰግደው መጡ። የጋሼን ወንበር ሰጠኋቸው፤ እኔ የፋይል ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ሥራ የበዛባቸው መሰሉ። መጀመሪያ ሐጂ ስለ ወደብ መዘግየት አወሩኝ። ከዚያ ሹራባቸውን አወለቁ። ከዚያ ቆባቸውን። ከዚያ ወሬው ቆመ። ማጅራታቸውን በመሐረብ ጠርገው መሐረቡን አዩት። ድምፁ ሲጀምር ቀና አሉ፤ «ምንድነው?» ብለው ማንንም አልጠየቁም። ሰምተውት የሚያውቁ መሰለኝ፤ ወይም ነግረዋቸው ይሆናል።

አንዱ ሰዓት አለፈ። አልተነሡም።

«እዚህ ነበር የሚቀመጠው?» አሉኝ በዝግታ።

«አዎ።»

«እኔ መርካቶ ፀሐይ ላይ ቆሜ ነው የሸጥኩት። ያን ጊዜ እንኳ ፀሐይዋ ስትዞር ሣጥኔን ይዤ ወደ ጥላ እዞር ነበር። ይሄ ግን መዞሪያ የለውም።» ወደ እኔ ዞረው «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«ነግሬዎት ነበር፣ ሐጂ።»

«አንድ ጊዜ ነው የነገርሽኝ» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። እውነት ነበር። ያቺን ዓረፍተ ነገር ካለፉት ዓመታት አንዱም አላደበዘዛትም።

ሥራው ከክረምቱ በፊት ተጀመረ። የመጀመሪያው ማስተካከያ አንድ ብሎን እንኳ አላስፈለገውም፤ ሰዎቹን ወደ ምሥራቅ፣ መደርደሪያዎቹንና ፋይሉን ወደ ምዕራብ አዛወርን። እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሱ አመመኝ። ቀጥሎ በየፎቁ ከመስታወቱ ሲሶ ያህሉን አውጥተን የሚከፈት አስገባን። የደረጃውን አናት ከፍተን ክዳኑን ከፍ አድርገን አቆምነው፤ የሞቀው አየር በዚያ መውጣት ጀመረ። በውጭ በኩል ደግሞ ከመስታወቱ አንድ ክንድ የራቀ ጥላ ያስፈልግ ነበር። አቃቂ በሰቃ ያለ አንድ በያጅ ከላሜራ ጠበብ ጠበብ ያሉ አግዳሚ ክንፎች ሠርቶ በብረት ማዕዘን ገጠማቸው። ከመንገድ ሲታይ ሰማያዊው ሕንጻ ግራጫ ሆነ። ሐጂ ማዶ ቆመው አዩት። «አሁን መጋዘን መሰለ» አሉና ትንሽ ፈገግ አሉ።

በተከታዩ መጋቢት ጸሐፊዋ ደወለችልኝ። «ዛሬ መብራት የለም» አለችኝ። ከወንበሬ ተነሣሁ። «ሹራብ ነው የደረብኩት፤ ንፋሱ አስቸገረን» ብላ ሳቀች። ላሜራው ፀሐይዋን ስለሚይዛት አልሙኒየሙ መጮኹን አቁሟል። የጽዳት ሠራተኛዋ «አሁን ዐረፉ» ማለቷንም ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ እንደሚቀልለኝ ጠበቅሁ። አልቀለለኝም። ለሠራተኞቹ ሁሉ ሲደርስ ለአንድ ሰው ብቻ አልደረሰም።

ስለዚህ የጋሼን ባለቤት ፈልጌ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቤቱን አሳየችኝ፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሕንጻው ብዙም የማይርቅ የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ። እማማ ደጃፍ ላይ ልብስ እያጠፉ ነበር። ስኳርና ቡና ይዤ ነበር፤ ተቀበሉኝ፣ አስቀመጡኝ። ማን እንደሆንኩ ሳልናገር ውኃ እንኳ መጠጣት አልቻልኩም።

«እማማ፣ ያንን ሕንጻ የሣልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ የሚሠሩበትን።»

«አውቄሻለሁ» አሉኝ። «ግድግዳ የምትለካ ልጅ አለች ብሎ ነግሮኝ ነበር።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። የመጀመሪያውን ሥዕል፣ ፊርማዬን፣ ሳቄን። ልብሱን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። ስጨርስ ይቅር እንዲሉኝ ወይም እንዲያባርሩኝ ነበር የጠበቅሁት።

«ቦታ ቀይር ብለውት ነበር እኮ» አሉኝ። «በጠዋት ፀሐይ በኩል ና፣ እዚያ ይሻላል ብለውት ነበር። እሱ ነው እምቢ ያለው።»

«ለምን?»

ተነሥተው ወደ ግቢው መሐል ወሰዱኝ። የልብስ ማስጫው ገመድ እዚያ ነበር። በጣቶቻቸው አሳዩኝ፤ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ፣ ከመንገዱ ወዲያ፣ ሕንጻው ቆሟል፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጥጉ።

«ከዚያ ያየኝ ነበር። ሌሎቹ ጋዜጣ ሲለጥፉ እሱ የመጽሐፍ ያህል ቦታ ትቶ ነው የሚለጥፈው። ማታ ሲገባ 'ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ነጩን ብርድ ልብስ ስታሰጪ ነበር' ይለኛል። 'ጎረቤት መጥታ ቆማ ስታወራሽ ነበር፣ ምን አለችሽ?' ይለኛል። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን፣ ቀን ቀን ምን እንደምሠራ አይቶ አያውቅም ነበር። እኔም ሳሰጣ እጄን አነሣለት ነበር። እኔ እሱን አላየውም፤ መስታወቱ ብቻ ነው የሚታየኝ። ግን አነሣለት ነበር።»

ምን እንደተሰማኝ በትክክል መናገር አልችልም። የጠላሁት መስታወት፣ ለጋሼ የሰጣቸው ነገር ነበረ። ለዚያ ነገር ሲሉ ሙቀቱን ችለው ተቀምጠዋል። ጥፋቴ አልቀነሰም፤ ምናልባትም ከበደ። ግን እስከዚያ ቀን ጋሼን የማስበው በሙቀት እንደተቀመጠ ሰው ብቻ ነበር። እዚያ የተቀመጠው ሰው ሚስቱን ሲያይ የሚውል ሰው መሆኑን ሳላውቅ ነበር ያዘንኩለት።

«አሁን ምን አለበሱት?» አሉኝ ወደ ሕንጻው እያዩ።

«ላሜራ ነው፣ እማማ። ፀሐይ እንዳይመታው። እኔ ነኝ ያስደረግሁት።»

«ለቀሩት ይሻላል?»

«ይሻላል።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው» አሉኝና ከገመዱ ላይ የደረቀውን አንሶላ ማውረድ ጀመሩ። አንዱን ጫፍ ያዝኩላቸው፤ አጠፍን።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሐጂ በዚያው አካባቢ ሌላ ቢሮ ሊሠሩ ፈልገው ጠሩኝ። «ይሄኛውን እንደፈለግሽ ሣይው» አሉኝ። ለረጅም ጊዜ መጀመር አቃተኝ። ነፋሱን፣ ፀሐይዋን፣ የግድግዳውን ውፍረት አውቃለሁ፤ እሱ አልነበረም ችግሬ። በመጨረሻ ደብተር ይዤ ወደዚያ ወደሚገቡት ሠራተኞች ሄድኩና እያንዳንዳቸውን ከተቀመጡበት ሆነው ምን ማየት እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው። ማንም እንደዚያ ጠይቋቸው አያውቅም፤ አንዳንዶቹ ሳቁብኝ። ሾፌሮችን የሚመድበው ሰው የግቢውን በር አለኝ። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚያልፍበትን መንገድ። አንዱ ምንም ማየት አልፈልግም፣ ጀርባዬን ለግድግዳ ስጪኝ አለኝ። ዘበኛው ሰማይ አለኝ፤ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ማወቅ ይወዳል።

ግድግዳ ለፈለገው ግድግዳውን ሰጥቼ፣ ለቀሩት በየቦታቸው መስኮት አወጣሁ፤ ሁሉም የሚከፈቱ፣ ሁሉም ጥላ ያላቸው። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ወደ ጥግ የተጠጋ ሆነ። ተቋራጩ ፕላኑን ይዞ መጣ።

«ኢንጂነር፣ መስኮቶቹ መስመር አልጠበቁም። ስሕተት ነው ወይስ እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው» አልኩት።

ትንሽ ቆሞ ጠበቀኝ፤ የማስረዳው መስሎት ነበር። ማስረዳት ፈልጌ ነበር። ግን ፕላኑን ተቀብዬ ፈረምኩለት።